ለብጉር የሚቀባ አንቲባዮቲክ፦ የትኛውን፣ ከምን ጋር፣ እስከ መቼ? ለድሬዳዋና ለሐረር አንባቢዎች

ከዚራም ሆነ ሸዋ በር፣ መድኃኒት ቤት ገብቶ «ለብጉር የሚቀባ ነገር ስጡኝ» የሚል ሰው ምርጫው በሁለት ስሞች መካከል ይመስለዋል። ክሊንዳማይሲን ወይስ ኤሪትሮማይሲን? ጄል ወይስ ሎሽን? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ከእነሱ በፊት መመለስ ያለባቸው ሁለት አሉ፦ አንቲባዮቲኩ ከምን ጋር ተጣምሮ ይቀባል? በስንተኛው ሳምንትስ ይቆማል? ለእነዚህ መልስ ሳይያዝ የተገዛ ቲዩብ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፊትን አጥርቶ ኋላ ብጉሩ መድኃኒቱን ተላምዶ እንዲመለስ ሊያደርግ ይችላል።

ስለዚህ ንጽጽሩን የምንጀምረው ከአንድ ቁርጥ ያለ ነገር ነው። የሚቀባ አንቲባዮቲክ ለብጉር ለብቻው አይሰጥም። ናይስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2021 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚም በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጧቸው መመሪያዎች ይህንኑ ይላሉ።

ለብቻው የማይሆነው ለምንድን ነው?

ብጉር የሚነሳው የፀጉር ሥር ያለበት የቆዳ ቀዳዳ በወዝና በሞተ ቆዳ ሲደፈን ነው። በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ አየር የማይስማማው ኪውቲባክቴሪየም አክኒስ የሚባል ባክቴሪያ ይራባል፤ ሰውነት ለእሱ ምላሽ ሲሰጥ ማበጥ፣ መቅላትና መግል ይከተላል። አንቲባዮቲክ የሚደርሰው ባክቴሪያው ላይና በተወሰነ ደረጃ እብጠቱ ላይ ብቻ ነው። ድፍኑን አይከፍትም፣ ወዙንም አይቀንስም።

ክሊንዳማይሲንም ኤሪትሮማይሲንም የሚሠሩት ባክቴሪያው ፕሮቲን በሚሠራበት ራይቦዞም ላይ ተጣብቀው ሥራውን በማስቆም ነው። የሚጣበቁበት ቦታ እጅግ የተቀራረበ ስለሆነ አንዱን የተላመደ ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ ሌላውንም ይቋቋማል። ኤሪትሮማይሲን እምቢ ሲል ወደ ክሊንዳማይሲን መዞር ብዙ ጊዜ ያልተጠበቀ ውጤት የሚያመጣው ለዚህ ነው። ሁለቱን ደርቦ መቀባት ደግሞ ይባስ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ ይሻማል እንጂ አያግዘውም።

መላመዱ ፊት ላይ ብቻ አይቀርም። በቆዳችንና በአፍንጫችን ውስጥ የሚኖረው ስታፊሎኮከስም አብሮ መድኃኒቱን ይለምዳል። ክሊንዳማይሲን ለአጥንት ኢንፌክሽንና ለከባድ የቆዳ ቁስለት የሚፈለግ መድኃኒት ነው፤ ለብጉር ተብሎ ለወራት ያለ አጣማጅ የሚቀባ ሰው ነገ ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ሊያስፈልግ የሚችለውን መድኃኒት እያደከመ ነው።

አጣማጁ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን እየለቀቀ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የሚገድልበት መንገድ አንድን የተወሰነ ቦታ የሚያነጣጥር ስላልሆነ ባክቴሪያው ሲላመደው አልታየም። ድፍኑንም በመጠኑ ያላላል። ከክሊንዳማይሲን ጋር ሲቀባ አንቲባዮቲኩን የተላመዱትን ባክቴሪያዎች ጭምር ስለሚገድል መላመዱ እንዳይስፋፋ ያደርጋል።

መጀመሪያ ብጉሩን ይለዩ

ፊት ላይ ያለው ጥቋቁርና ነጫጭ ነጥብ ብቻ ከሆነ፣ የሚያም እብጠትና መግል ከሌለ፣ አንቲባዮቲክ ጭራሽ አያስፈልግም። የሚገዛው አዳፓሊን 0.1% ወይም ትሬቲኖይን 0.025% ነው፤ ሁለቱም ድፍኑን የሚከፍቱ ናቸው።

የሚያሙ ትናንሽ እብጠቶችና መግል የቋጠሩ ብጉሮች ካሉ አንቲባዮቲክ የሚታሰብበት ቦታ ይህ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ ጠቆር ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል። ከቀለሙ ይልቅ ሲነካ ማመሙን ይመልከቱ።

ከቆዳ በታች ጠልቀው እንደ ጓጉል የሚዳሰሱ፣ ለሳምንታት የሚቆዩና ጠባሳ የሚተዉ ከሆኑ በሚቀባ መድኃኒት ጊዜ አያባክኑ፤ ጠባሳው ከወጣ በኋላ መመለስ እጅግ ከባድ ነው። ይህ ለቆዳ ሐኪም የሚቀርብ ነው።

አራተኛው ዓይነት ብጉር የሚመስል ግን ያልሆነ ነው፤ በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ልዩ ትኩረት ይሻል። ግንባር፣ ደረት፣ ጀርባና ትከሻ ላይ በአንድ ጊዜ የሚወጡ፣ ሁሉም አንድ መጠን ያላቸው፣ ከማመም ይልቅ የሚያሳክኩ ትናንሽ ሽፍታዎች ብዙ ጊዜ ማላሴዚያ በሚባል ፈንገስ የሚመጡ ናቸው። ላብ ሲበዛና ልብስ ሲጣበቅ ይብሳሉ። ጥቁር ነጥብ አብሯቸው አይታይም። እነዚህ ላይ ክሊንዳማይሲን ሲቀባ ሽፍታው ይባባሳል፤ ምክንያቱም ፈንገሱን የሚሻሙት ባክቴሪያዎች ሲሞቱ ሜዳው ለእሱ ይለቀቃል። የሚያስፈልገው እንደ ኬቶኮናዞል ያለ ፀረ-ፈንገስ ነው። «አንቲባዮቲክ ቀብቼ ባሰብኝ» የሚል ሰው ከመላመዱ በፊት ይህን መጠርጠር አለበት።

አማራጮቹ ጎን ለጎን

*ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለ አንቲባዮቲክ።* ብጉሩ ቀላል ከሆነ ከሁሉ በፊት የምንመክረው ይህን ነው። በ2.5%፣ በ5% እና በ10% ይገኛል። ብዙ ሰው 10% ይመርጣል፤ ጠንካራው ቶሎ ያድናል ብሎ። ለብጉር ግን የ2.5%ቱ ውጤት ከ10%ቱ ብዙም አይለይም፣ የሚያቃጥለውና የሚያላልጠው ግን 10%ቱ ነው። ለጥቁር ቆዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው፦ የተቆጣ ቆዳ ሲድን ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ምልክቱም ከብጉሩ በላይ ለወራት ይቆያል።

*ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከአዳፓሊን ጋር።* አንቲባዮቲክ የለበትም፣ ድፍኑንም ባክቴሪያውንም ይነካል፣ ለረጅም ጊዜ ቢቀባም የመላመድ ስጋት የለውም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ድርቀትና መላላጥ የሚታገስ ሰው ከዚህ ቢጀምር አንቲባዮቲክ ላያስፈልገው ይችላል። አዳፓሊን ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ አይበላሽም፤ በአንድ ቲዩብ ተቀላቅሎ የሚሸጠውም ለዚህ ነው። ለነፍሰ ጡር አይሆንም።

*ክሊንዳማይሲን 1% ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር።* መግል ለበዛበት፣ ለሚያብጥና ለሚያም ብጉር ከሚቀቡት አንቲባዮቲኮች የተሻለው ጥምረት ይህ ነው። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያቃጥለው ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱ ነው፤ ክሊንዳማይሲኑ ያነሰ ያቃጥላል።

*ክሊንዳማይሲን 1% ከትሬቲኖይን 0.025% ጋር።* ድፍንም መግልም አብሮ ላለበት ይጠቅማል፤ ግን ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ስለሌለበት ከመላመድ አይጠብቅም። ይህን የሚጠቀም ሰው ጠዋት ጠዋት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ባለው መታጠቢያ ቢታጠብ ክፍተቱን ይደፍናል። ጥምረቱ ማታ ብቻ ይቀባል፤ ትሬቲኖይን በፀሐይ ይበላሻል፣ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር በአንድ ላይ ሲቀባም ኃይሉን ያጣል። ነፍሰ ጡር ይህንንም አትጠቀምም።

*ኤሪትሮማይሲን 2%።* ቀድሞ በሰፊው ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ግን ባክቴሪያው በብዙ አገር ስለተላመደው ውጤቱ ወርዷል። ክሊንዳማይሲን እያለ እሱን የምንመርጥበት ምክንያት የለንም። ያው አማራጭ ጠፍቶ ከተቀባ እሱም ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር መሆን አለበት።

*አዜላይክ አሲድ 15% ወይም 20%።* አንቲባዮቲክ አይባልም፤ ሆኖም ባክቴሪያውን ይቀንሳል፣ ድፍኑን ያላላል፣ ብጉሩ የተወውን ጥቁር ምልክትም ያደበዝዛል። ነፍሰ ጡርም መጠቀም ትችላለች። ሥራው ቀስ ያለ ነው፣ መጀመሪያ ላይም ይቆጠቁጣል። ከብጉሩ ይልቅ ምልክቱ የሚያስጨንቃት ሴት «ማዲያት ማጥፊያ» ተብሎ በየሱቁ ከሚሸጠው ይልቅ ይህን ብትጠይቅ ይሻላታል።

አንድ ቲዩብ ወይስ ሁለት? የድሬና የሐረር ልዩነት

ክሊንዳማይሲንና ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ በአንድ ቲዩብ ተቀላቅለውም ይሸጣሉ፣ ለየብቻም ይገኛሉ። አንድ ቲዩብ ምቹ ነው፦ በቀን አንዴ ተቀብቶ ያልቃል፤ አንዱን ረስቶ ሌላውን ብቻ የመቀባት ስህተትም አይኖርም። እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ቲዩብ የገዛ ሰው ቶሎ የሚተወው የሚያቃጥለውን ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው። ያን ጊዜ የቀረው ክሊንዳማይሲን ብቻውን ነው፤ ያ ደግሞ ልናስወግደው የፈለግነው ነገር ነው።

ችግሩ ሙቀት ነው። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በኋላ ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱ ክሊንዳማይሲኑን ቀስ በቀስ ያበላሸዋል፤ ሙቀት ያፋጥነዋል። ስለዚህ ከእነዚህ ቅልቅሎች አንዳንዶቹ መድኃኒት ቤት ሳሉ በማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣሉ፤ ለደንበኛ ከተሰጡ በኋላ ከ25 ዲግሪ በታች ተቀምጠው በሁለት ወር ገደማ ማለቅ አለባቸው። ትክክለኛው ቁጥር ከምርት ምርት ስለሚለያይ በካርቶኑ ላይ ያለውን ይከተሉ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ሐረር በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጥላ ያለበት የግንብ ቤት ቁም ሣጥን ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ሐረር ያለ ሰው፣ ወይም ድሬ ሆኖ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው፣ ቅልቅሉን ቢወስድ ጥሩ ነው። ድሬ ላይ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ክሊንዳማይሲኑንና ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱን ለየብቻ ይግዛ። ለየብቻ ሲሆኑ አንዱ ሌላውን አያበላሽም። ቢሆንም ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ለብቻውም ከሙቀት መራቅ አለበት፤ በከፍተኛ ሙቀት ሲቆይ እየተሰባበረ ካንሰር ሊያመጣ የሚችለውን ቤንዚን የሚባል ኬሚካል ያወጣል። (መኪና የሚሞላው ነዳጅ ማለታችን አይደለም፤ ስሙ ተመሳስሎ ነው።) ባጃጅ ውስጥ፣ መስኮት ላይ፣ ምድጃ አጠገብ አያስቀምጡት። ማቀዝቀዣ ያለው የበሩ ኪስ ላይ ያድርገው፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይገባም።

ሲገዙ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ይህ ቅልቅል በማቀዝቀዣ ነው የቆየው? ወደ ቤት ስወስደው የት ላስቀምጠው? ቅልቅሉ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ሆኖ ከመደርደሪያ ከተነሳ አይግዙት። ከገበያ መደብ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ቲዩብ፣ የማብቂያው ቀን ገና ቢሆንም፣ ገንዘብ የሚወጣበት አይደለም። ሲከፍቱት የከፈቱበትን ቀን በእስክሪብቶ ቲዩቡ ላይ ይጻፉ።

ጄል፣ ሎሽን፣ ፈሳሽ

ወዛም ለሆነ ፊትና ለድሬ ሙቀት ጄል ይመቻል። ደረቅ ወይም ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ላለው፣ በሐረር ደረቅ ወራትም፣ ሎሽን ይሻላል። ፈሳሹ አብዛኛውን ጊዜ አልኮል አለው፦ ቶሎ ይደርቃል፣ ለጀርባና ለደረት ለመቀባት ይቀላል፣ ግን ያቃጥላል፣ ዓይንና ከንፈር አካባቢም አይሆንም። አልኮሉ ተቀጣጣይ ስለሆነ ተቀብቶ ሳይደርቅ ከሰል ማቀጣጠል፣ እጣን ማጨስ፣ ቡና ለመቁላት ምድጃ ላይ ማጎንበስ አደጋ አለው።

አቀባቡ

ከመጀመሪያው ቀን በፊት ጥቂት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከመንጋጋ በታች በትንሽ ቦታ ላይ ለሁለትና ሦስት ምሽት ይቀቡ። መጠነኛ ድርቀት የተለመደ ነው። ካበጠ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ክፉኛ ካሳከከ አለርጂ ስለሆነ ይተዉት።

ፊት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ብዙ ያላበ እንደሆነም ከላቡ በኋላ፣ በለስላሳ ሳሙናና በእጅ ብቻ ይታጠባል። የድሬ ውሃ ካልሲየም ይበዛዋልና ሳሙናው እስኪለቅ በደንብ ያለቅልቁት። በፎጣ ሳይፈትጉ አድርቀው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ሲቀባ ይበልጥ ያቃጥላል።

መጠኑ ለአንድ ጊዜ ከአመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚዘረጋ ጄል ነው፤ ግማሽ ግራም ያህል ይሆናል። ይህ ለሙሉ ፊት ይበቃል። ብጉሩ ላይ ብቻ ነጥብ ነጥብ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው፤ ነገ የሚወጣው ብጉር ዛሬ ገና ያልታየው ድፍን ውስጥ ስለሆነ ብጉር የሚወጣበት ቦታ ሁሉ በስሱ ይቀባል። ከዓይን፣ ከአፍንጫ ቀዳዳና ከከንፈር ጠርዝ ይራቁ።

ሁለት ቲዩብ ላለው ቀላሉ ሥርዓት ጠዋት ክሊንዳማይሲን፣ ማታ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው። ክሊንዳማይሲኑ በቀን ሁለቴ ከታዘዘ ማታም መጀመሪያ እሱን ቀብተው ሲደርቅ ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱን ያስከትላሉ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ቀን እየዘለሉ ይቀቡ፤ ቆዳው ከለመደ በየቀኑ። በጣም ካደረቀ ቀዳዳ የማይደፍን ማለስለሻ ሲደርቅ ከላይ ይቀቡበት። ቫዝሊንና ቅቤ ለዚህ አይሆኑም። አናት ላይ የሚደረግ ቅቤና የፀጉር ቅባት ወደ ግንባር ሲወርድም በፀጉር መስመር ላይ ብጉር ያስነሳል፤ ማታ በሻሽ ያስሩት፣ ግንባርንም ይታጠቡ።

የሂሳብ ጉዳይ፦ ፊትን በቀን ሁለቴ የሚቀባ ሰው በቀን 1 ግራም ያህል ይጨርሳል። 12 ሳምንት 84 ቀን ስለሆነ ባለ 30 ግራም ቲዩብ ሦስት ያስፈልጋል ማለት ነው። አንዱን ገዝቶ ሲያልቅ ለወር አቋርጦ እንደገና መጀመር ባክቴሪያውን ማለማመጃ ነው፤ ስለዚህ አቅምን ከመጀመሪያው ማስላት ይገባል። ሦስቱንም በአንዴ መግዛት ግን አይመከርም፤ በሙቀቱ ተቀምጦ ይበላሻል። በቀን አንዴ የሚቀባ ጄል ከታዘዘ ወጪው በግማሽ ይቀንሳል።

ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጨርቅ ያነጣል። የሐረር ሴት ደማቅ ልብስ፣ ባለቀለም ሂጃብ፣ የነጠላ ጥለት፣ የትራስ ልብስ ሁሉ ነጭ ነጥብ ይወጣባቸዋል፤ ታጥቦም አይለቅም። ማታ ነጭ ጨርቅ ትራሱ ላይ ያንጥፉ፣ ከተቀቡ በኋላም እጅ ይታጠቡ። ቀን ላይ ሂጃብ የሚያስሩ ማታ ቢቀቡት ይሻላቸዋል፤ ላብ ወደ ጨርቁ ያወርደዋልና።

ፀሐዩን አይናቁት። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድና ትሬቲኖይን ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋሉ፤ ፀሐይም የብጉሩን ምልክት ያጠቁራል። ኤስፒኤፍ የሚባለው የመከላከል ኃይሉ መለኪያ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዘይት የሌለው ሳንስክሪን ጠዋት ከመድኃኒቱ በኋላ ይቀባል፤ ጃንጥላና ኮፍያም ይረዳሉ።

ቃሲልና እርድ ፊት ላይ መቀባት በአካባቢያችን የቆየ ልማድ ነው። ቃሲል ከቁርቁራ ዛፍ ቅጠል የሚወቀጥ ዱቄት ሲሆን አረፋ ስለሚያወጣ ያጸዳል፤ ግን ዱቄቱ ሲታሽ ይፍቃል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ወይም ትሬቲኖይን እየቀቡ በቃሲል ማሸት ቆዳውን በሁለት በኩል ማቁሰል ነው። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያቁሙት።

ለብጉር የማይሆኑ ቲዩቦች

ቤት ውስጥ ያለ ወይም ጎረቤት የሰጠው ቲዩብ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ በጥንቃቄ ይለዩት።

ለሴት ብልት የሚታዘዘው ክሊንዳማይሲን 2% ክሬም ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ በስህተት ፊት ላይ ይቀባል። ለብልት የተዘጋጀ ነው፤ ለፊት ጥቅም የሚሰጠው 1%ቱ ነው። በካርቶኑ ውስጥ ማስገቢያ ቱቦ ካለ ያ የፊት አይደለም።

የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ለትራኮማ ተብሎ በየቤቱ ገብቷል። ቅባቱ ከቫዝሊን ጋር የሚመሳሰል መሠረት ስላለው ቀዳዳ ይደፍናል። ለዓይን እንጂ ለብጉር አይደለም።

ፉሲዲክ አሲድና ሙፒሮሲን ለተቆሳሰለ ቆዳና ለስታፊሎኮከስ ኢንፌክሽን የተሠሩ ናቸው። ለብጉር ሲቀቡ ጥቅማቸው ትንሽ፣ የመላመድ ጉዳታቸው ግን ትልቅ ነው።

የአንቲባዮቲክ ካፕሱል ፈትቶ ዱቄቱን በውሃ ወይም በክሬም ለውሶ መቀባት ምን ያህል መድኃኒት ቆዳው ውስጥ እንደሚገባ አይታወቅበትም፤ አለርጂም ያስነሳል።

ከሁሉ የከፋው ግን አንቲባዮቲክ፣ ፀረ-ፈንገስና ስቴሮይድ አንድ ላይ ያለበት ክሬም ነው። በተለይ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካነበቡ ፊት ላይ አያድርጉት። በመጀመሪያው ሳምንት እብጠቱን ያጠፋል፣ የፊቱም ቀለም ነጣ ይላል፤ ሰው «አዳነኝ» ብሎ ለጓደኛው የሚያስተላልፈው ለዚህ ነው። በወራት ውስጥ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው አዳዲስ ብጉሮች ይወጣሉ፤ ሲያቆሙት ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገነፍላል። ለወራት የተቀባ ሰው በራሱ ከማቋረጥ ይልቅ ሐኪም አይቶት ቢያቆም ይሻላል። ስሙ ያልተጻፈበት፣ ሱቅ ውስጥ የተለወሰ «የብጉር ክሬም» ውስጥም ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ስቴሮይድ ነው።

የሚበላሸው የት ላይ ነው፣ መቼስ ይቆማል?

በሁለት ሳምንት ለውጥ የለም ብሎ መተው የመጀመሪያው ስህተት ነው። መሻሻል የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ሠርቷል ወይም አልሠራም የሚባለው በ12ኛው ሳምንት ነው። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፦ ፊቱ ጠራ ብሎ ክሊንዳማይሲኑን ለዓመት መቀባት። በ12ኛው ሳምንት አንቲባዮቲኩ ይቆማል። ብጉሩ ከጠራ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ወይም አዳፓሊን ለብቻው እንዲጠብቀው ይቀጥላል። ካልጠራ ሌላ የሚቀባ አንቲባዮቲክ አይተካም፤ ሐኪሙ ሌላ መንገድ ያስባል። እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ከታዘዘም የሚቀባው አንቲባዮቲክ ይቆማል፤ ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

ለረጅም ጊዜ አንቲባዮቲክ ሲቀባ ወይም ሲወስድ የቆየ ሰው በአፍንጫና በአፍ ዙሪያ በድንገት መግል ያለባቸው ብዙ ብጉሮች ከወጡበት ይህ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ቦታውን ይዞ ሊሆን ይችላል። መጠኑን መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ሐኪም ይየው።

ክሊንዳማይሲን በቆዳ ሲቀባ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ቢሆንም አልፎ አልፎ ብርቱ የአንጀት ቁስለት ማስነሳቱ ይታወቃል። በቀን ብዙ ጊዜ የሚመላለስ፣ ደም ወይም ንፍጥ ያለበት ተቅማጥ ከመጣ መቀባቱን ያቁሙ። በእኛ አካባቢ ተቅማጥ ሲመጣ ውሃና ምግብ ስለሚጠረጠር ይህ ይረሳል፤ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ክሊንዳማይሲን ሲቀቡ እንደነበር ይናገሩ፣ ተቅማጥ የሚያቆም እንክብል ከራስዎ አይውሰዱ። ቀድሞ በአንቲባዮቲክ ምክንያት የአንጀት ቁስለት የነበረበት ወይም አልሰረቲቭ ኮላይትስና ክሮን የሚባሉት የአንጀት በሽታዎች ያሉበት ሰው ክሊንዳማይሲንን መቀባት የለበትም።

ነፍሰ ጡር ሴት አዜላይክ አሲድ፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድና፣ ካስፈለገም በሐኪም ትእዛዝ፣ ክሊንዳማይሲን መቀባት ትችላለች። ትሬቲኖይንና አዳፓሊን አይፈቀዱላትም። የምታጠባ እናት ሕፃኑ የሚነካው ጡት አካባቢ ምንም አትቀባ። የሚቀባ ክሊንዳማይሲን የሚታዘዘው ዕድሜያቸው 12 ዓመት ለሞላ ነው፤ ከዚያ በታች ያለ ልጅ ብጉር ካለበት ሐኪም ይየው።

የሐኪም ቀጠሮ የሚሻው ጓጉል ላለው፣ ጠባሳ መተው ለጀመረ፣ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም አብሮት ለመጣ ብጉር ነው። ወር አበባዋ የተዛባባትና አገጯ ላይ ፀጉር የበዛባት ሴትም የሆርሞን ምርመራ ያስፈልጋታል። ለቲቢ ኢሶኒያዚድ የሚወስድ፣ ለሚጥል በሽታ ፊኒቶይን የሚወስድ ወይም የስቴሮይድ እንክብል ላይ ያለ ሰው ብጉሩ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፤ ያዘዘለትን ሐኪም ሳያማክር ግን መድኃኒቱን አያቋርጥ። ድሬዳዋ ላይ ወደ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ወደ ሕይወት ፋና በጤና ጣቢያ በኩል ሪፈር ማስጻፍ ይቻላል፤ የቆዳ ሐኪም የሚገኝበትን ቀን አስቀድመው ይጠይቁ። ሲሄዱ የመድኃኒቱን ስም በቃል ለማስታወስ ከመሞከር ይልቅ እስከዛሬ የተቀቡትን ቲዩብ ሁሉ፣ ባዶውንና ስም የሌለውን ጨምሮ፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ቀጣዩን መድኃኒት የሚመርጠው ካለፈው ተነስቶ ነው።